የቴሌግራሙ ሰባት ፊደላት

ዱንዚዩ መንደር
የጥንቸል ዓመት፣ ሦስተኛ ወር፣ 9 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያነበብኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላነበበልኝም። ይህን ከሰላምታ በፊት የጻፍኩት እንድታውቂው ብዬ ነው። በስልሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬአለሁ። አሁን ስልሳ ስድስት ሆኖኛል። ለየቃሉ ፊደሉ ሌላ ነውና፣ የማላውቀው ሲያጋጥመኝ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ እንጂ ዘልዬው አልሄድም። ካንቺ ደብዳቤ አራት አጋጠሙኝ፤ አንደኛው የአስጎብኚ ድርጅቱ ስም ነው።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። አዎ፣ በሕይወት አለሁ። አዎ፣ በዚያው ቤት ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የስልክ ቁጥርሽን መላክ አያስፈልግሽም ነበር። ግራ ጆሮዬ ጭራሽ አይሰማም፤ ቀኙ ደግሞ የፈለገውን ነው የሚሰማው። የምትዪው ካለ ጻፊው።

በዘጠነኛው ወር ከጡረተኞች ማኅበር ጋር ለአምስት ቀን ጉብኝት እመጣለሁ፣ በአራተኛው ቀን «ጥንታዊው ምሽግና ታሪካዊ ስፍራዎች» የሚል አለበት፣ እዚያም ሁለት ሰዓት ነፃ ጊዜ ይሰጡናል ብለሻል። ነይ። ግንቡ የኔ አይደለም። ሰው ሁሉ ይመጣል። እኔ ከደረጃው ሥር የተቀቀለ በቆሎና ኪያር ስለምሸጥ ሁሉንም አያቸዋለሁ። ሲወጡ ይስቃሉ፤ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው ነው። «እማማ፣ ግንቡ እስከ የት ነው የሚሄደው?» ይሉኛል። «እስኪደክምህ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለ ትልቅ ካሜራ ሰውዬ መጣና፣

«እማማ፣ ይሄ እውነተኛው ነው ወይስ የታደሰው?» አለኝ።

«የታደሰው ነው። እውነተኛው እኛ አሳማ ቤት ውስጥ አለልህ።»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። አንቺ ቀልድ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። መንደሩ በሙሉ የግንቡን ጡብ በአህያ ሲያወርድ በነበረበት ዓመት ስድስት ዓመትሽ ነበር። እኔ በአንድ ጊዜ አራት ጡብ ስሸከም አንቺ ሁለት ትሸከሚ ነበር። አሁን ባለሥልጣኖች እየመጡ፣ «ጡቡ ቅርስ ነው፣ መልሱ» ይሉናል። አሳማው የት ይደር ብዬ ጠየቅኳቸው። ጻፉት።

የመጨረሻ ጥያቄሽን አልመልስም። እናታችን የት እንደተቀበረች ማወቅ የነበረብሽ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሬሳዋ ከቤት ሲወጣ ነው። የሐዘን ነጭ ለብሼ የተከተልኳት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ልጅ ወልዳ አንድ ልጅ እንዳላት ሴት ተቀበረች። ሁለቱን ሰዓትሽን ፎቶ ተነሺበት።

እህትሽ
ጉዪሮንግ


ሊዩዡ ከተማ
አራተኛ ወር፣ 2 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዳገቱን አሁንም በእግርሽ ነው የምትወጪው? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጽሕፈትሽ እንደ መምህር ቾንግ ወደ ግራ ያዘነብላል። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ካልሽኝ ነገር በኋላ እንዴት እንደምጽፈው አላወቅሁም።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ባለቤቴ ላኦ ፓንግ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። እስከ መጨረሻው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ የገደለው ሳንባው ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ያልነገርኩሽ ከስንት ዘመን በኋላ ስጽፍልሽ በሞት መጀመር ስላልፈለግሁ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጄ ደህና ነው፤ ሌላ ከተማ ይኖራል።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጻፍና ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ያኔ ያልመጣሁት አትምጪ ስላልሽኝ ነው። ቴሌግራሙ አሁንም አለኝ፤ ከልጄ የልደት ወረቀት ጋር ነው ያስቀመጥኩት። የደረሰኝ ልወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነበር። መቀበሯንም የሰማሁት በብርዱ ወራት መጨረሻ ከአገር ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። አልመለስሽልኝም። እኔም መጻፍ አቆምኩ።

በዘጠነኛው ወር የምፈልገው መቃብሯ ፊት ሦስት ጊዜ መስገድ ብቻ ነው። ግንቡን ባላየው ግድ የለኝም። የት እንዳለች ብቻ ንገሪኝ።

ታናሽሽ
ፌንግሊያን


ዱንዚዩ
አራተኛ ወር፣ 17 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

ሦስቱ ደብዳቤዎችሽ ምድጃ ገቡ። ያን ጊዜ በመንደሩ ደብዳቤ የሚያነብልን መምህር ቾንግ ነበር፤ እሱ አነበበ ማለት መንደሩ ሰማ ማለት ነው። ያንቺን ማስተባበያ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማልኝ አልፈለግሁም። የመኝታ መደቡን የሚያሞቀውን እሳት ለኮስኩባቸው። ጥሩ ወረቀት ነበር፤ ቶሎ ያዘ።

«አትምጪ ስላልሽኝ» ብለሽ ጻፍሽ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ፊደል ተሳስቼ እንደሆን ብዬ። አልተሳሳትኩም።

ምን እንዳልኩሽ አውቃለሁ። እናታችን በወደቀች በሦስተኛው ቀን በመምህር ቾንግ ብስክሌት ኋላ ተቀምጬ ወረዳው ፖስታ ቤት ድረስ ሄድኩ። እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ጻፈ። «እናት ታማለች፤ አያሰጋም፤ ቶሎ ተመለሺ» አልኩ። ቃሉ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ያን ጊዜ የወረዳው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ አንዴ ነበር የሚያልፈው። ባለፈ ቁጥር «ማን ወረደ?» ትለኛለች። «የወረደ የለም» እላታለሁ። በዘጠነኛው ቀን «የወንዝ ማዶ ሰዎች ናቸው» ብዬ ዋሸኋት፤ የለም ማለት ሰልችቶኝ ነው። በአሥረኛው ቀን አልጠየቀችም።

ወረቀት አለኝ ካልሽ ላኪው። አሁን የሚያነብልኝ ሰው አልለምንም።

ጉዪሮንግ


ሊዩዡ
አምስተኛ ወር፣ 3 ቀን

ለእትዬ፣

ዋናው እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ስለደረሰ ግልባጩን ልኬልሻለሁ። ምንም አልጨመርኩበትም፤ ማህተሙም ይታያል።

በየቀኑ «ማን ወረደ» ትል እንደነበር ባትጽፊልኝ ይሻለኝ ነበር። አይደለም፤ ጻፊልኝ። ሌላም ያለችው ካለ ጻፊልኝ።

የአስጎብኚ ድርጅቱ ቀኑን ቆርጧል። ዘጠነኛ ወር፣ 16 ቀን ነው እናንተ ጋ የምንደርሰው። ቀይ ቆብ ሰጥተውናል።

ፌንግሊያን


ዱንዚዩ
አምስተኛ ወር፣ 20 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። ሰባት ፊደል ነው፤ ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ። አነበብኩት፤ ያልኩት ነው ያለበት። እናት ታማለች፣ አያሰጋም፣ ቶሎ ተመለሺ። ውሸታም ነሽ ብዬ ልጽፍልሽ እርሳሱን ቀረጽኩ። ግን የኔን ንባብ አታምኚም ብዬ መጀመሪያ መምህር ቾንግ ጋ ወሰድኩት። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። በሙቀቱ ወራት እርሻው ይበቃዋል፤ በብርዱ ወራት አሁንም ሴቶችን ፊደል ያስተምራል፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍል ነበር።

«ትልቋ! ዛሬ ደግሞ የትኛው ፊደል ነከሰሽ?»

«የራስህ ፊደል ነው። አንብብ።»

እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን አራቀና ጮክ ብሎ አነበበው፤ እኔ እንዳነበብኩት አድርጎ ነው ያነበበው። «ግሩም ጽሑፍ ነው። የማን ነው?» አለ።

«ያንተ።»

«ለዚህ ነዋ ግሩም የሆነው።»

«ሁለተኛዋ ግን አትምጪ ተባልኩ ትላለች።»

«ሁለተኛዋ ተማሪ ቤት እያለችም አንድ ዓይኗ መጽሐፉ ላይ፣ አንድ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔም ስቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በነጋታው ቁርስ ሳልበላ መጣ። ያን ዳገት በእግሩ ወጥቶ መጣ። ተቀመጥ ስለው አልተቀመጠም።

«እርሳስ አምጪ፣ ትልቋ።»

«ምን ልትሆን?»

«አምጪ አልኩ እኮ!»

ሰባቱን ፊደላት እያንዳንዱን እንደ አንድ ቃል አራርቆ ጻፋቸው። እኔም እንደጻፋቸው ልጻፍልሽ፦ እናት — ሕመም — አይ — ማስፈለግ — ጥብቅ — ችኮላ — መመለስ። እኔና እሱ ከ«ጥብቅ» በኋላ ነው ትንፋሽ የምንወስደው። «አይ-ማስፈለግ-ጥብቅ» ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ «አያሰጋም» ማለት ነው። የተረፈው «ቶሎ ተመለሺ» ነው። እሱ ግን ከ«ጥብቅ» በፊት በእርሳሱ ጭረት አደረገ። «ጥብቅ» ከኋላው ተለይቶ ከፊቱ ካለው ከ«ችኮላ» ጋር ሲገጥም «በአስቸኳይ» ይሆናል። ከኋላ የቀረው «አያስፈልግም» ነው። እናት ታማለች፤ በአስቸኳይ መመለስ አያስፈልግም።

አንዲት ፊደል ወደ ጎረቤት ቤት ገብታ አደረች። ሌላ ምንም አልተለወጠም።

«ነጥቡን የት ጣልከው?» አልኩት።

«ነጥብ በሽቦ አይሄድም። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ፊደል ብቻ አለችኝ፤ ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ።»

«አስተማሪ አይደለህም እንዴ? እንዴት አላየኸውም?»

«ካንቺ አፍ ነዋ የሰማሁት» አለኝ። «ጆሮዬ ውስጥ ነጥቡ ነበር።»

ያኔ ተቀመጠ። ሙቅ ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣውም። ልሰድበው ፈለግሁ። ደህና ስድብ ስፈልግ የመጣልኝ «ሂድ፣ ባቄላህን ዶሮ ይበላዋል» የሚል ነበር። ሄደ።

ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ እንዳትዪኝ። በቆሎ ቀቅዬ ወደ ግንቡ ሄድኩ። ሃያ ሁለት በቆሎ ሸጥኩ። አንዲት ሴት ጨው አነሰው አለችኝ።

ጉዪሮንግ


ዱንዚዩ
ስድስተኛ ወር፣ 28 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

«አያሰጋም» የሚለውን ለምን አስጻፍሽው? ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሌላውን ሁሉ ትተሽ ይህን መጠየቅሽ ልክ ነው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሦስቱ ፊደላት ባይኖሩ አራት ይበቁ ነበር። እናት፣ ሕመም፣ ችኮላ፣ መመለስ። ይህን ሕፃን ልጅም አይሳሳተውም። ግን እንዲህ ብሎ የሚልክ ማን አለ? ልትወልድ ለደረሰች፣ የሦስት ቀን ባቡር ለምትሳፈር ሴት «እናትሽ እየሞተች ነው» ተብሎ ይጻፋል? አንቺስ የላኦ ፓንግን ሞት መቼ ነገርሽኝ? በፖስታ ጀርባ ተጠይቀሽ ነው። ሁላችንም እንዲህ ነን። «አያሰጋም» እንላለን፤ ሰሚው ደግሞ እሱን ትቶ «ቶሎ» የሚለውን ይሰማል። እናታችን ስለ አባታችን ስትልክብን እንዲሁ ነበር ያለችው። ግድቡ ሥራ ላይ እግሩን ትንሽ ነካ አደረገው፣ ቶሎ ድረሱ። እኔና አንቺ ያን ጊዜ ትንሽ መነካት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶን እየሮጥን ሄድን።

ስለዚህ ላንቺ ማዘኔ ነው ሦስቱን ፊደል የጨመረው። መምህር ቾንግ የታዘዘውን ጻፈ። አንቺ የተጻፈውን አነበብሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺን መጥላት ሥራዬ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ አብሮኝ የሚነሳ ነገር ነበር። አሁን ጠዋት እነሳለሁ፣ አሳማውን አበላለሁ። በቃ።

ይቅርታ ጠይቀሽኛል። ምን እንደማደርግበት አላውቅም። እኔም ልጠይቅሽ ይገባል መሰለኝ፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ መጻፍ ግን አልቻልኩም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን መቃብሯ ጋ ትወስጂኛለሽ ወይ? ላልሽው ገና አልመለስኩም። አውቄ ነው ያልመለስኩት። ታገሺኝ።

ጉዪሮንግ


ዱንዚዩ
ስምንተኛ ወር፣ 11 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

ሁለት ደብዳቤሽን ሳልመልስ አቆየሁ። «ዝም ያልሽው አሁንም ቂም ይዘሽብኝ ነው?» ትያለሽ። ቂም አይደለም። ከመምጣትሽ በፊት ልነግርሽ የሚገባ ነገር ስላለ ነው፤ አንድ ወር ስለቀረ አሁን እጽፈዋለሁ።

እናታችን ከመሞቷ በፊት ከመንደሩ መቃብር አታግቡኝ አለች። በመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ፣ ከአሮጌው የጥበቃ ማማ በታች ቅበሩኝ አለች። «እዚያ ምን አለ?» አልኳት። «አውቶቡሱ ይታያል» አለች። እንዳለችው አደረግሁ። አፈሩን በየዓመቱ በመቃብር መጥረጊያው ቀን እከምርላት ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ግንቡን አድሰው ለጎብኚ ሊከፍቱት ሲሉ የአውቶቡስ ማቆሚያ አስፈለጋቸው። ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ሦስት ሳምንት ተለጥፎ ቆየ። በየቀኑ ውሃ ስቀዳ አየው ነበር። ትልቅ ቀይ ማህተም ነበረበት። አንድ ቀን ከሥሩ ተቀምጬ ሽንኩርት ልጫለሁ። ባለቤቴ ጥቂት ያነብ ነበር፤ ግን ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ጎረቤቶቼ ያነበብኩት መስሏቸው፣ ሐዘን አንቀስቅስባት ብለው ዝም አሉ። ደግነታቸው ነው።

ማስታወቂያው በሜዳው ላይ መቃብር ያለው ሰው በሃያ ቀን ውስጥ ያንሳ፣ ካልተነሳ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል ይላል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሃያው ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። ቡልዶዘሩ ላይ ያለውን ሰውዬ፣

«እዚህ የነበረው መቃብርስ?» አልኩት።

«ባለቤት የለውም ነው የተባልነው፣ እማማ።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ሞተሩን አጠፋ። «ታዲያ ማስታወቂያውን ለምን አላነበቡም? ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ ነው የተለጠፈው።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ደንግጦ ነው የጠየቀኝ። አላነብም ማለት አሳፈረኝ። «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩት።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። መምህር ቾንግ እንኳ ለምን በስተርጅና ፊደል ልማር እንዳልኩ አያውቅም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ለማንበብ ብዬዋለሁ።

እናታችን አልተነሳችም። እዚያው ናት። ላይዋ ጠጠር አፈሰሱበት፣ በጠጠሩ ላይ አስፋልት፣ በአስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የት እንዳለች አልነግርሽም ያልኩት ልበቀልሽ ብቻ አልነበረም። አንቺ በቀብሯ አልነበርሽም ብዬ ስናገር እኔ ምን እንዳደረግሁ እንዳትጠይቂኝ ነበር።

አሁን ነገርኩሽ። የናንተ አውቶቡስ የሚቆመው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። መምጣትና መቅረት ያንቺ ነው።

ጉዪሮንግ


ዱንዚዩ
ዘጠነኛ ወር፣ 27 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

ለስምንተኛው ወር ደብዳቤዬ መልስ አልጻፍሽልኝም ነበር። ስለዚህ አትመጪም ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም በአሥራ ስድስተኛው ቀን በቆሎ አልቀቀልኩም። ጠዋት ሄጄ አሥራ አራት ቁጥር የተጻፈበት ማቆሚያ አፍ ላይ፣ ከመስመሩ ወዲህ ቆምኩ። ጥበቃው ሮጦ መጣ። ያውቀኛል፤ ኪያር ከኔ ነው የሚገዛው።

«እማማ፣ ይሄ የአውቶቡስ ቦታ ነው!»

«እኔም አውቶቡስ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ታርጋዎን ያሳዩኝ።»

«ጭቃ ሸፍኖታል።»

ሊስቅ አለና ፊቴን አይቶ ተወው። «ቢያንስ ወንበር ላምጣልዎት» አለ። ወንበሩን አምጥቶ የሚመጡትን አውቶቡሶች ሁሉ ወደ ሌላ ማቆሚያ ላካቸው። ለምን እንደቆምኩ አልጠየቀኝም።

«ያቺ ሴትዮ አንቺ ነበርሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ነበርኩ። የናንተን አውቶቡስ በአሥራ ስድስት ቁጥር ላይ አቆመው። ቀይ ቆብ ያደረጉት ወረዱ፤ ባንዲራ የያዘችው አስጎብኚ ቆጠረቻቸው፤ አንድ ጎደላት፤ ወደ ላይ ተመልሳ አናገረችሽና ትታሽ ሄደች። በሦስተኛው መስኮት ነበርሽ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳላይሽ ኖሬ ያወቅሁሽ አንገትሽን በማዘንበልሽ ነው፤ እሷም መርፌ ስታሾልክ እንዲያ ነበር የምታዘነብለው።

አየሁሽ። አየሽኝ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ሱፍ እየቆረጠመ የሱፉን ልጣጭ ደጅ ይተፋ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩ ክፍት ነበር።

መጥተሽ መስኮቱን ለምን አላንኳኳሽም? ትዪኛለሽ። ከዚያ ብነሳ ሌላ አውቶቡስ ስለሚገባበት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። አንቺስ? የመጣሽው ሦስት ጊዜ ለመስገድ ነው ብለሻል። ሦስት ደረጃ መውረድ ምን ከለከለሽ? እየተቆጣሁሽ አይደለም። ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። ጓደኞችሽ ግንቡን አይተው ተመለሱ፣ አውቶቡሱ ዞረ፣ ወጣ። ወንበሩን ለጥበቃው መለስኩለት። ቤቴ ገብቼ አሳማውን አበላሁ። አላለቀስኩም።

ጉዪሮንግ


ሊዩዡ
አሥረኛ ወር፣ 9 ቀን

ለእትዬ፣

ለስምንተኛው ወር ደብዳቤሽ መልስ ጀምሬ ነበር። አራት ጊዜ ጀመርኩት። አላሳፈርሽኝም፤ አላናደድሽኝምም። ማስታወቂያውን ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ተማሪ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ቤት የቀረሽው እኔ እንድማር ነው። ይህን መጻፍ ስፈልግ የሚረባ ቃል አጣሁ።

ለምን እንዳልወረድኩ ልንገርሽ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ድረስ መጥቻለሁ፤ ካለሽበት አይታይሽም ይሆናል። በሁለተኛው ጫማዬንም አውልቄ ነበር። ሾፌሩ፣ «እናቴ፣ አሞዎታል?» አለኝ። «ጉልበቴ ነው፣ አያሰጋም» አልኩት። ወደ ታች አየሁ፤ ሁሉም አስፋልት ነው፣ ሁሉም ጥቁር ነው። አንቺ የተቀመጥሽበት ይሁን፣ አንቺ የምትጠብቂው ከፊትሽ ያለው ይሁን፣ ወይስ እኛ ራሳችን የቆምንበት፣ አላወቅሁም። ሜዳው ላይ ናት ብቻ ነው ያልሽኝ። እግሬን ባወርድ ደረቷ ላይ ይሁን ፊቷ ላይ አላውቅም። ወርጄ ከምረግጣት ሳልወርድ ብቀር ይሻላል አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማታ ጓደኞቼ የግንቡን ፎቶ አሳዩኝ። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ አንዲት ፎቶ አልተነሳሽም?» አሉኝ። ቆቡን ለአንዷ ሰጠኋት።

ምን ተሰማሽ እንዳትዪኝ። እኔም ምንም አልተሰማኝም። እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ የራሴ መሆኑን የማውቀው ሳየው ነው።

የት እንደምረግጥ አላወቅሁም፣ እትዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፌንግሊያን


ዱንዚዩ
አሥረኛ ወር፣ 22 ቀን

ለሁለተኛዋ፣

ይህን መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ወር ደረጃው በረዶ ስለሚይዝ ግንቡን ይዘጉታል፤ አውቶቡሶቹ አይመጡም፤ ሜዳው ባዶ ነው። ያኔ ነይ። ከማንም ጋር አትምጪ። ከወረዳው ከተማ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ አውቶቡስ አለ፤ ለሾፌሩ ማማው ጋ አውርደኝ በዪው። በረዶ ከጣለ መስመሮቹ አይታዩም፤ ግን አታስቢ፣ ቀድሜ እጠርገዋለሁ።

ቦታውን አልስተውም። ስቀብራት ከማማው ጥግ አርባ አንድ እርምጃ ቆጥሬ ነበር፤ ማማውን አልነኩትም፣ አሁንም ብቆጥር እዚያው ነው የሚያደርሰኝ። አሥራ አራት ቁጥር ማቆሚያ ነው። ራሷ ወደ ግንቡ ነው፤ እግሯ ወደ መንገዱ። ርዝመቷ ከመብራት ምሰሶው ተነስቶ ወደ መንገዱ አምስት እርምጃ ነው፤ ወርዷ ከሁለቱ ነጭ መስመሮች አያልፍም። በዚያ መሐል አትርገጪ። እኔም አልረግጥም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ዞሬ ነው የማልፈው። ልትሰግጂ ስትፈልጊ ከእግሯ በኩል፣ ከመንገዱ ጠርዝ ሁኚ።

የወረዳው አውቶቡስ በሩ በቀኝ ነው። የሚያወርድሽ ከአሥራ አምስት ቁጥር ወዲያ ነው። እዚያ ያለው ድሮ የእነ ሱን የማሽላ እርሻ ነበር፤ ከሥሩ አፈር ብቻ ነው። እኔም የምጠብቅሽ እዚያ ቆሜ ነው። እዚያ እርገጪ።

ጉዪሮንግ